የጉናን ባና ባሕር ያሻገሩት የወይዘሮ ጌጤ ይሻው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጌጤ ይሻው ከአባታቸው ከአቶ ይሻው ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ ካሴ፣ ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው ጥድ በር በተባለው መንደር፣ በመድኃኔዓለም ዕለት ጥቅምት 27 ቀን 1957 ዓ.ም ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ናቸው። አባታቸው ክረምት ሞፈር ጨብጠው ገብስ የሚያርሱ፣ በጋ ከሸማኔ ጉድጓድ ገብተው ከበግ ፀጉር ባና የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ገበያ ሲሄዱም ሲመለሱም እንዝርት ከእጃቸው አይለይም ነበር። ጉና ላይ ያለ ባና የሚያድር ሰው የለም፤ ባናውን የሚሠራውን ሰው ግን አገሩ «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድበው ነበር። አንድ ጎረቤት ይህንኑ ስድብ በአባታቸው ላይ ሲወረውር የሰሙት ወይዘሮ ጌጤ ከደጁ ድረስ ሄደው፣ «ታዲያ የለበሱትን ባና ያውልቁና ይስደቡን» አሉት። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዘጠኝ ዓመት እንደነበር እኅታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ይመሰክራሉ።

በ1965 ዓ.ም ገሳይ በሚገኘው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም ደብረ ታቦር ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ቀጥለዋል። በዕረፍት ሰዓት ሲፈትሉ ያገኟቸው አንድ መምህር እንዝርታቸውን ቢወስዱባቸው፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው ኳስ የሚጫወት ልጅ ኳሱን ካልተቀማ እሳቸውም እንዝርታቸውን እንደማይቀሙ ተሟግተው አስመልሰዋል። በ1975 ዓ.ም የአባታቸው ዓይን ሲደክም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ጥድ በር ተመለሱ። ወንድ ብቻ ይገባበታል ከሚባለው የሸማኔ ጉድጓድ ገብተው የአባታቸውን ሥራ ያዙ። አገሩ ጉድ አለ፤ አንዳንዱም ባል አታገኝም ብሎ አዘነላቸው። እሳቸው ግን መወርወሪያውን ከእጃቸው አልጣሉም።

ባሉንም አላጡትም። በ1977 ዓ.ም በደብረ ታቦር ከተማ ልብስ ሰፊ ከነበሩት ከአቶ አለምነው ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንዷለምንና እየሩስን ወለዱ። በ1988 ዓ.ም አቶ አለምነው በድንገት ሲያርፉ ሁለት ልጆችና አንድ የስፌት መኪና ይዘው ቀሩ። የስፌት መኪናው ቤቱን አላቆመላቸውም። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም ልጆቻቸውን ለእናታቸው አደራ ሰጥተው ወደ ሳዑዲ አረቢያ ሄዱ፤ ጣይፍ በምትባል ደጋ ከተማ በሰው ቤት አራት ዓመት አገለገሉ።

ከአገር ሲወጡ አባታቸው የሠሩትን ጥቁር ባና በሻንጣቸው ይዘው ነበር። የቤቱ አሮጊት አንድ ሰሞን ብርድ ቢይዛቸው ወይዘሮ ጌጤ ያንን ባና ደረቡላቸው። አሮጊቷም በማግሥቱ «አልመልስም» ብለው ቁጭ አሉ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየቁምሳጥኑ በሞላበት ቤት የጉና በግ ፀጉር ተወደደ ማለት ነው። ወይዘሮ ጌጤ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ባናው እዚያው ቀረ። ሰው «አረብ አገር ሄደሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሲላቸው፣ «የቀማችኝን መልሼ ለእሷኑ ልሸጥላት ነው የመጣሁ» ይሉ ነበር።

በ1994 ዓ.ም ተመልሰው በማግሥቱ ዓመት ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። ሲጀምሩ አሥራ አንድ የጉና ሴቶች በየቤታቸው ይፈትሉላቸው ነበር፤ ሦስት ሸማኔዎችም ይሠሩላቸው ነበር። ዛሬ ፈታዮቹ ስድሳ ሦስት፣ ሸማኔዎቹ አሥራ አራት ሆነዋል። በባናው ላይ ቀለም አይገባም፤ ጥቁሩም ግራጫውም ቡናማውም በጉ እንደተፈጠረው ነው። ንግድ ሲጀምሩ ደግሞ አገሩ ለነጋዴ ያስቀመጠውን ስድብ አወጣላቸው፤ በአባታቸው ቁጢት በጣሽ፣ በራሳቸው መጫኛ ነካሽ ተባሉ። ሁለቱንም እየሳቁ ተቀበሉ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የተሟገቱለት ነገር አንድ ነው። የጉና ሴት በቤቷ ሆና ከምትፈትለው ክር የሚሠራው ባና እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ሁሉ የወጪ ንግድ ዕቃ ተብሎ በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ላኪ የሚሰጠው ድጋፍም ለፈታዮቹ እንዲደርስ ይፈልጉ ነበር። ልመና አላሉትም፤ ድርሻ ነው ያሉት።

የላኪነት ፈቃድ ያወጡት በ2000 ዓ.ም ነው፤ በጨርቃ ጨርቅ ላኪዎች መዝገብ ግን አልተጻፉም። በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያውን ጭነት ለአንዲት ጀርመናዊት ነጋዴ ላኩ። እዚህ ላይ ከጉና ሰው በቀር ማንም የማይሠራው ስሕተት ተሠራ። ፈታዮቹ ባናው ባሕር ተሻግሮ የሰው ቤት እንደሚገባ ሲሰሙ፣ ሙሽራ እንደሚሸኙ ሁሉ፣ እያንዳንዱን በወይራ አጥነው ሰጡ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሳይታጠን ለእንግዳ መስጠት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ጀርመን አገር ሲደርስ ግን «ይህ ከቃጠሎ የተረፈ ዕቃ ነው» ተብሎ ጭነቱ በሙሉ ተመለሰ። ወይዘሮ ጌጤ ፈታዮቹን አልተቆጡም፤ ከዋጋቸውም አልቀነሱም። ባናዎቹን አንድ ወር ሙሉ በደብረ ታቦር ነፋስ ላይ አስጥተው እንደገና ላኳቸው፤ ነጋዴዋም ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ በየቤቱ እየዞሩ፣ «እባካችሁ፣ ፍቅራችሁን በጭስ አትግለጹብኝ» እያሉ ይለምኑ ነበር።

ይህ ነገር በዚያው ዓመት መንግሥት በጠራው አንድ የላኪዎች ስብሰባ ላይ «የአገር ገጽታ ያበላሸ ላኪ» ተብሎ በምሳሌነት ተነሣ። ስም ባይጠራም ጭስ የላከ ሌላ ላኪ አልነበረም። ወይዘሮ ጌጤ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሡና፣ «ጌታዬ፣ የአገሬ ሴት ያጠነችው ገጽታዋን ልታሳምር ነው። ጀርመን ጭስ እንደማይወድ አስቀድሞ የሚነግረን ባለሙያ መላክ የእናንተ ሥራ ነበር፤ ደመወዙንማ ትበላላችሁ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በስብሰባ ላይ የመናገሪያ ዕድል ሲሰጣቸው ሰብሳቢዎቹ አስቀድመው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

ድጋፍ ፍለጋ የዞሩበት መንገድ ረጅም ነው። በጉን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ፀጉሩ ከተሸለተ በኋላ የእኛ አይደለም አላቸው። ጨርቅን የሚመለከተው፣ ማሽን በሌለበት ጨርቃ ጨርቅ የለም አላቸው። ባህልን የሚመለከተው ባናውን አገላብጦ አየና ቅርስ ነው ብሎ አንዱን ለኤግዚቢሽን ወሰደ፤ እስከ ዛሬም አልመለሰም። ንግድን የሚመለከተው ደግሞ ከሦስቱ ደብዳቤ ይዘው እንዲመጡ አዘዛቸው። እንዲህ እያሉ ሰባት ዓመት ተመላለሱ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ድጋፍ ነው። ስብሰባው ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ይከፈት ነበር። ወይዘሮ ጌጤ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ድሩን የፈተለችውን ግን የሚያውቃት የለም» ይሉ ነበር።

ሥራውን ለሠራ ሰው ምስጋና አልነፈጉም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱን ትቶ ለሦስት ቀን የወጪ ዕቃ ቅጽ አሞላል አስተምሯቸዋል። ስሙን እንኳ አልያዙትም፤ ቅዳሴ ባስቀደሱ ቁጥር ግን «ያንን ልጅ አስበው» እያሉ ይጸልዩለት ነበር። የደብረ ታቦር መንገድ አስፋልት ሲሆንም ደስታቸውን አልደበቁም። እሳቸው መንግሥትን የሚጠሉ የሚመስላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ወይዘሮ ጌጤ የሚጠሉት ያልሠሩትን ሠራን የሚሉትን ነው።

በ2009 ዓ.ም እውነተኛ የሚመስል ድጋፍ መጣ። አቶ ሙላቴ አያሌው የተባሉ የመንግሥት ባለሙያ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው መብራትና ውኃ የገባለት ሼድ፣ ብድርና የማሽን ክር እንደሚሰጣቸው ነገሯቸው። በጨርቃ ጨርቅ ላኪነትም ይመዘገባሉ። ቅድመ ሁኔታው ፈታዮቹ ከጉና ወርደው በሼዱ ውስጥ በፈረቃ እንዲሠሩ፣ በወርም ሃያ ስድስት ቀን እንዲገኙ ነው። የጉና ሴት ደግሞ በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለምና በበዓለ ወልድ እንዝርት አትነካም። አቶ ሙላቴ እነዚህን ቀናት «የባከነ የሥራ ጊዜ» በሚል ርእስ በሰንጠረዥ አስቀምጠዋቸው ነበር።

ወይዘሮ ጌጤ ወዲያው እምቢ አላሉም። የዓመታት ሙግታቸው በአንድ ፊርማ ሊያበቃ ነበርና ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተዋል። ልጃቸው አንዷለም ሳይቀር «እማዬ፣ ተቀበይ» ብሏቸዋል። በመጨረሻ በበቅሎ ወደ ጥድ በር ወጥተው ሴቶቹን ሰበሰቡና ነገሩን አንድ ሳይደብቁ አስረዷቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ ዓለሚቱ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «አንቺ ጌጤ፣ እኔ ስወርድ ላሚቱን ማን ያልባታል? ጊዮርጊስንስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉ። ወይዘሮ ጌጤ በማግሥቱ ወርደው ለድጋፉ ምስጋና፣ ለቅድመ ሁኔታው እምቢታ ጻፉ። ሼዱን የተቀበሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ የማሽን ክሩ በምንዛሬ እጦት ሲቋረጥ በዓመቱ ሼዱ ተዘጋ። አሁን ስሚንቶ ይቀመጥበታል።

በዚያው ሰሞን ከጀርመናዊቷ ነጋዴ ጋር አዲስ ውል ሲዋዋሉ ዘጠኙን በዓላት ከነቀናቸው በውሉ አባሪ አስጻፉ፤ በእነዚህ ቀናት አይፈተልም፣ አይሸመንም፣ አይጫንም የሚል ነው። አቶ ሙላቴ ይህን ሲሰሙ አዘኑላቸው። ቅን ሰው ናቸውና ገዢዋ ትሸሻለች፣ ይሰርዙት ብለው መከሯቸው። «ልጄ፣ ደብቄ ከማረፍድባት ነግሬያት ብትሸሽ ይሻለኛል» አሉ ወይዘሮ ጌጤ። ነጋዴዋም አልሸሸችም። ከአባሪው ግርጌ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጨምራ ፈረመች፤ በበዓላችሁ አትሥሩ፣ የማስረከቢያው ቀን ግን አይለፍ የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዘጠኝ ጭነት ሄዷል። አንዱም ቀን አላሳለፈም።

በ2010 ዓ.ም ባሕር ዳር በተደረገ የላኪዎች ስብሰባ ላይ ደግሞ «አርአያ ላኪ» ተብለው የምስክር ወረቀት እንዲቀበሉ ወደ መድረክ ተጠሩ። በዕረፍቱ ሰዓት የጨርቃ ጨርቅ ላኪዎቹ ሁሉ፣ ባለትልልቅ ፋብሪካዎቹም ጭምር፣ በመተላለፊያው ላይ ሲያማርሩ ነበር። ብድሩ ለሚያውቁት ነው፤ መመሪያው ጧት ወጥቶ ማታ ይቀየራል፤ ምንዛሬው ወረፋ ነው ይባላል። አዳራሽ ሲገቡ ግን የመተላለፊያው አንበሳ ሁሉ አጨብጫቢ ሆነ። ወይዘሮ ጌጤ የድምፅ ማጉያውን ተቀብለው እንዲህ አሉ፦

«በመዝገባችሁ ላይ ላኪ አይደለሁም። ታዲያ ማንን ነው የምትሸልሙት? ዶላሩን ሳመጣ ታውቁኛላችሁ። ከዚያው ላይ የበግ ፀጉር ማበጠሪያ ልግዛበት ስል ወረፋ ያዢ ትሉኛላችሁ። ላሚቱን ያሰርኋት እኔ፣ ያለብኋት እኔ፤ ወተቱን ስጠይቅ ወረፋ! ደግፉን ስንል እዘሉን ማለታችን አይደለም። ስሜን በትክክለኛው ቦታ ጻፉት፤ ከዚያ ከመንገዴ ላይ ዞር በሉልኝ፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

የምስክር ወረቀቱን በመድረኩ ጠረጴዛ ላይ ትተው ወረዱ። አንድ ባለፋብሪካ ከውጭ ተከትለዋቸው «የሆዴን ተናገሩልኝ» ቢሏቸው፣ «ታዲያ ሆድዎ ውስጥ ምን ያስቀምጠዋል? አፍ የለዎትም?» ብለዋቸዋል። የዚያን ሰሞን ዘመዶቻቸው እንዳይታሰሩ ፈርተን ነበር። አልታሰሩም፤ ግን እንደገና ለሽልማት የጠራቸው የለም።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ጉና ሲደርስ ፈታዮቹ ክሩን ከገብስ ጎተራቸው ሥር ቀበሩት። ውጊያው ጋብ ሲል ከጉና በበቅሎ ተጭኖ በጋፋት በኩል በእግር መንገድ ደብረ ታቦር ገባ፤ የዚያ ዓመት ጭነትም በቀኑ ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ መግቢያው ሲዘጋ የተጎዱት ፋብሪካዎቹ ነበሩ፤ የጉና ባና ወደዚያ አይሄድም ነበርና አልተነካም። ወይዘሮ ጌጤ ግን ከሥራ ለተሰናበቱት የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ተሟግተው ደብዳቤ ጽፈዋል። በመተላለፊያ ላይ ብቻ የሚናገሩትን ባለፋብሪካዎች ደውለው አስፈርመዋቸዋል።

በግል ጠባያቸው ቁጡ፣ ሳቂታና ዕዳ የማይወዱ ነበሩ። የሰፈራቸው ዕድር ሊቀመንበር ሆነው አሥራ ሁለት ዓመት ሲያገለግሉ ያረፈደ ቀባሪ ሁሉ ምላሳቸውን ይፈራ ነበር። በእጃቸው ላይ ሁልጊዜ የፀጉር ብናኝ ነበረበት። ያ ብናኝ ለአርባ ዓመት ሳንባቸው ገባ። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ትንፋሻቸው እያጠረ ሲሄድ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ሕክምና ተከታትለዋል። ሐኪሙ ከፀጉር ይራቁ ሲላቸው፣ «ከበጉም ልራቅ ወይ?» ብለው አሳቁት። ለመዝገቡ ጉዳይ የመጨረሻውን ማመልከቻ ባለፈው መስከረም በገዛ እጃቸው ጽፈው አስገብተዋል። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ይህን የምናነበው መልስ መስጠት የሚችሉ ሰዎች እዚህ ቆመው እየሰሙ ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ጌጤ ይሻው ትናንት ሰኞ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው አንዷለምና እየሩስ፣ እኅታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ከጉና በእግራቸው የወረዱት ስድሳ ሦስት ፈታዮችና አሥራ አራቱ ሸማኔዎች ሐዘንተኞች ናቸው። ለደከማችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

አንድ ኑዛዜ አለ። አሥረኛው ጭነት፣ ሁለት መቶ አርባ ባና፣ ከነገ ወዲያ ኅዳር 22 ቀን አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ትናንት ገብርኤል ስለነበረ አልተጫነም። ነገ ኅዳር ጽዮን ናት፤ አይጫንም። ያለው ቀን ዛሬ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እናቷ መድከማቸውን ያየችው እየሩስ፣ ገዢዋ ጥቂት ቀን እንድትጨምር ልጻፍላት ወይ ብትላቸው በተኙበት ቀና ብለው፣ «በውሉ ላይ በዓላቱን ሁሉ አስጽፌአለሁ። የእኔ መሞቻ ቀን አልተጻፈበትም። በቀኑ ይነሣ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አልተናገሩም።

ሰው ሳይቀበር ሥራ አይነካምና ወጉን ጠብቀን እስከ አሁን እጃችንን ሰብስበን ቆይተናል። ከየመሥሪያ ቤቱ የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ ንግግር ልታደርጉ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ክብር ይስጥልን። አቶ ሙላቴ፣ እርስዎም እዚህ መካከላችን ነዎት፤ በሕመማቸው ጊዜ እየመጡ እንደጠየቋቸው አንረሳም። ንግግር ግን እንዳይደረግ ሟቿ አዘዋል፤ አይደረግም። ወይዘሮ ጌጤን መደገፍ የሚሻ ካለ ሥራ አለ። ባናው ሃያ አራት እስር ነው፤ አንዱን እስር ሁለት ሰው ያነሣዋል። ግብዓተ መሬቱ እንዳበቃ፣ ወደ ድንኳኑ ከመግባታችን በፊት፣ ሁላችንም እንጭናለን። ልዑል እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ድካም በሌለበት፣ ቀኑ ሁሉ በዓል በሆነበት አገር ያኑርልን፤ ለእኛም ልባቸውን ያውርሰን፤ አሜን። መኪናው ከቅጽሩ ውጭ በምሥራቁ በር ቆሟል።